ባንክ እና ሞኑመንት፦ በለንደን የምድር ውስጥ ጣቢያ ሳትጠፉ ባቡር የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

ለንደን ባንክ ጣቢያ ላይ ባቡር ልቀይር ብሎ የወረደ ሰው ሩብ ሰዓት ዞሮ ዞሮ የወረደበት ፕላትፎርም ላይ ራሱን ያገኘዋል። ሌላው ቢጫውን ምልክት ተከትሎ ሳያስበው መንገድ ላይ ብቅ ይላል፤ ገንዘቡም ይቆረጥበታል። ሦስተኛው መስመሩን አግኝቶ አቅጣጫውን ይስታል። ሦስቱንም ስህተት አስቀድሞ መከላከል ይቻላል፤ ስለዚህ መመሪያው የሚጀምረው ገና ጣቢያው ሳትደርሱ ነው።

የተጻፉት ሰዓቶች በለንደን አቆጣጠር፣ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን ናቸው።

መጀመሪያ ቅርጹን ያዙ

በመስመር ካርታው ላይ ባንክ እና ሞኑመንት በአጭር መስመር የተያያዙ ሁለት ክቦች ናቸው። መሬት ውስጥ ግን አንድ ረጅም ገመድ አድርጋችሁ አስቡት።

- ሰሜናዊው ጫፍ ባንክ ነው። ሴንትራል መስመር (ቀይ) እዚህ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያልፋል። ዋተርሉ ኤንድ ሲቲ የሚባለው አጭር መስመርም ከዚሁ ጫፍ ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሄዳል።
- ገመዱ ራሱ ኖርዘርን መስመር (ጥቁር) እና ዲኤልአር (ዶክላንድስ ላይት ሬይልዌይ የሚባለው ቀላል ባቡር) ናቸው። ሁለቱም በኪንግ ዊልያም ስትሪት ሥር ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ ዲኤልአር ከሁሉም ይጠልቃል፣ ከመሬት 40 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል።
- ደቡባዊው ጫፍ ሞኑመንት ነው። ዲስትሪክት (አረንጓዴ) እና ሰርክል (ቢጫ) እዚህ ያልፋሉ፤ ከመንገዱ ትንሽ ብቻ ዝቅ ብለው።

ከዚህ አንድ ነገር አስታውሱ፦ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ በገመዱ ውስጥ ነው። ከሴንትራል ወደ ዲስትሪክት የምትሄዱ ከሆነ የኖርዘርን እና የዲኤልአር ሰፈርን ማቋረጣችሁ አይቀርም። ብዙ ሰው እዚህ መሃል «እኔ ኖርዘርን አልፈልግም፣ ተሳስቻለሁ» ብሎ ይመለሳል። አልተሳሳተም ነበር።

መሃል ላይ ሁሉም መስመር የሚገናኝበት አንድ ትልቅ አዳራሽ አትፈልጉ፤ የለም። መስመሮቹን የሠሯቸው የተለያዩ ኩባንያዎች ናቸው። የሞኑመንቱ በ1884፣ የዋተርሉው በ1898፣ ዛሬ ኖርዘርን እና ሴንትራል የምንላቸው ደግሞ በ1900 ወራት ተለያይተው ተከፈቱ። ዲኤልአር ባንክ የደረሰው በ1991 ነው። እያንዳንዱ በራሱ ጥልቀት ቆፍሮ ገባ፤ መተላለፊያዎቹ በኋላ የተሰፉ ናቸው። ባንክ እና ሞኑመንት ራሳቸው በኤስካሌተር (በሚንቀሳቀስ ደረጃ) የተገናኙት በ1933 ነው።

ደረጃ 1፦ መቀየሪያው የግድ ባንክ መሆኑን አረጋግጡ

የስልክ መተግበሪያ ባንክን የሚመርጠው በካርታ ላይ አጭር ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ሻንጣ፣ ሕፃን ወይም የሚያመው ጉልበት ከያዛችሁ ግን ሁለት ጣቢያ ጨምሮ መሄድ ይሻላል። እነዚህን ተመልከቱ።

ከሴንትራል ወደ ዲስትሪክት፣ ወደ ምሥራቅ። ማይል ኤንድ ቀይሩ። ሁለቱ ባቡሮች በአንድ ፕላትፎርም ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ደረጃ መውጣት መውረድ የለም፣ ጥቂት እርምጃ ተሻግራችሁ ትሳፈራላችሁ። ባንክ ወርዶ ሞኑመንት ድረስ በእግር ከመሄድ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከሴንትራል ወደ ሰርክል (የሰሜኑ ክፍል)፣ ሜትሮፖሊታን፣ ሀመርስሚዝ ኤንድ ሲቲ ወይም ኤልዛቤት መስመር። ከባንክ በስተምሥራቅ ያለው ቀጣዩ ጣቢያ ሊቨርፑል ስትሪት ነው፤ እዚያ ቀይሩ።

ከኖርዘርን ወደ እነዚሁ መስመሮች። ሙርጌት፤ ከባንክ አንድ ጣቢያ ወደ ሰሜን።

ከኖርዘርን ወደ ጁብሊ። ለንደን ብሪጅ፤ ከባንክ አንድ ጣቢያ ወደ ደቡብ።

ከሴንትራል ወደ ዲኤልአር፣ ከምሥራቅ የምትመጡ ከሆነ። ስትራትፎርድም ዲኤልአር አለው፤ ባንክ ድረስ መጥቶ መመለስ አያስፈልግም።

ወደ ዋተርሉ፣ ቅዳሜና እሁድ። ዋተርሉ ኤንድ ሲቲ የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ነው። ከዲስትሪክት ወይም ከሰርክል የምትመጡ ኢምባንክመንት ወርዳችሁ በኖርዘርን ወይም በቤከርሉ አንድ ጣቢያ ሂዱ፤ ወይም ዌስትሚኒስተር ላይ ወደ ጁብሊ ቀይሩ።

ባንክ በእርግጥ የሚጠቅመው ከኖርዘርን ወደ ዲኤልአር፣ ከሴንትራል ወደ ኖርዘርን፣ ከምዕራብ በሴንትራል መጥቶ ወደ ዲኤልአር፣ እና በሥራ ቀን ወደ ዋተርሉ ለሚሄድ ሰው ነው። እናንተ ከነዚህ አንዱ ከሆናችሁ ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ ከመነሳታችሁ በፊት

1. ሦስት ነገር በወረቀት ጻፉ፦ የመስመሩን ስም፣ አቅጣጫውን፣ የባቡሩን መጨረሻ ጣቢያ። ለምሳሌ «ዲኤልአር፣ ወደ ምሥራቅ፣ ዉልዊች አርሰናል»። የምትወርዱበት ጣቢያ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ምልክቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው አቅጣጫው ነው። ኖርዝባውንድ ሰሜን፣ ሳውዝባውንድ ደቡብ፣ ኢስትባውንድ ምሥራቅ፣ ዌስትባውንድ ምዕራብ ማለት ነው።

2. ስልክን አትመኑ። ጂፒኤስ ከመሬት በታች አይሠራም፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ብትንቀሳቀስም የምታሳያችሁ ግምት ነው።

3. የቆየ ቪዲዮ ወይም ካርታ አትከተሉ። የኖርዘርን መስመር ባንክ ላይ ከጥር 2022 አጋማሽ እስከ ግንቦት 2022 አጋማሽ ተዘግቶ አዲስ የደቡብ አቅጣጫ ዋሻና ፕላትፎርም ተከፍቶለታል። የቀድሞው የደቡብ ፕላትፎርም ዛሬ ሰፊ መተላለፊያ ነው። ከዚያ በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ «እዚህ ቁሙና ባቡር ጠብቁ» የሚላችሁ ቦታ ላይ ባቡር አይመጣም። በካነን ስትሪት በኩል ያለው አዲስ በር ደግሞ የተከፈተው በየካቲት 2023 ነው፤ አሮጌ ካርታ ላይ አታገኙትም።

4. አንድ ሰው፣ አንድ ካርድ። ኦይስተር ካርድ (የለንደን የጉዞ ካርድ) ወይም የባንክ ካርድ መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን ስትገቡ በሩ ላይ ያለውን ማሽን ያስነካችሁትን ራሱን ስትወጡም አስነኩ። ያው የባንክ ካርድ ስልካችሁ ውስጥ ቢኖርም ስልኩና ፕላስቲኩ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ናቸው። በስልክ ገብቶ በፕላስቲክ የወጣ ሰው ሁለት ያልተጠናቀቀ ጉዞ ይመዘገብበታል፤ በሁለቱም ከፍተኛው ዋጋ ይቆረጥበታል።

5. ሰዓት ምረጡ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ6፡30 እስከ 9፡30 እና ከ16፡00 እስከ 19፡00 ዋጋውም ይጨምራል፣ መተላለፊያውም ይጨናነቃል (በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡30፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት)። ባንክ የቢሮ ሰፈር ነው፤ ጠዋት ሕዝቡ ይወጣል፣ ማታ ይገባል። ሻንጣ የያዘ ሰው በተቃራኒው ፍሰት ውስጥ ከገባ ምልክት ለማንበብ እንኳ መቆም ይቸግረዋል።

6. አብራችሁ የምትሄዱ ከሆነ የመጠፋፊያ ደንብ አውጡ። የሚሻለው ይህ ነው፦ በሩ ተዘግቶ የተለያየ ከሆነ የሄደው ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርዶ እዚያው ፕላትፎርም ላይ ይቆማል፤ የቀረው በሚቀጥለው ባቡር ይከተለዋል። ሁለቱም ፍለጋ ከተነሱ አይገናኙም። የቀረው ሕፃን ከሆነ ግን እዚያው ይቆይ፤ የሚመለሰው አዋቂው ነው። ይህን ለልጁ ከቤት ሳትወጡ ንገሩት።

ደረጃ 3፦ ከባቡር ስትወርዱ

ወዲያው አትራመዱ። በሩን ልቀቁ፣ ከቢጫው መስመር ወደ ውስጥ ግቡ፣ ጀርባችሁን ለግድግዳው ሰጥታችሁ ግማሽ ደቂቃ ቁሙ። ሕዝቡ ይለፍ። አብዛኛው የሚሄደው ወደ መውጫ ነው፤ እሱን የተከተለ መንገድ ላይ ይገኛል።

አሁን ምልክቱን አንብቡ። ሁለት ወጥመድ አለበት።

ቢጫ መደብ ላይ በጥቁር «ዌይ አውት» የሚል ከሆነ መውጫ ነው። ለቀያሪ ሰው የተጻፈ አይደለም። የሰርክል መስመር ቀለምም ቢጫ ስለሆነ ብዙ ሰው ያደናግራል። ቢጫ ያያችሁ እንደሆነ ቀለሙን ሳይሆን ጽሑፉን አንብቡ።

ሁለተኛው የዲኤልአር እና የዋተርሉ ኤንድ ሲቲ ቀለም ነው። ሁለቱም ወደ ውሃ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ናቸው፤ የዋተርሉው ፈዘዝ ይላል። ጎን ለጎን ካላያችኋቸው መለየት ያስቸግራል፣ መብራቱ ደከም ያለበት መተላለፊያ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ። መስመሮቹ ግን በተለያየ ጫፍ ናቸው። በካርታ ላይ ዲኤልአር መሃሉ ባዶ በሆነ ድርብ መስመር፣ የዋተርሉው በድፍኑ ይሳላል። ምልክት ላይ ስሙን ሳታነቡ በቀለም ብቻ አትሂዱ።

አቅጣጫችሁን ለመገመትም አትሞክሩ። እንግሊዞች በግራ ይነዳሉና ባቡሩም በግራ ይሆናል ብሎ የሚያሰላ አለ፤ የኖርዘርን ባቡር ግን እዚህ ጣቢያ ላይ በቀኝ ነው የሚሄደው። ስሌቱ ወደ ተቃራኒው ፕላትፎርም ይወስዳችኋል።

ደረጃ 4፦ መቀየሪያ መንገዶቹ

ከኖርዘርን ወደ ዲኤልአር። ከሁሉ ቀላሉ። ከኖርዘርን ወደ ዲኤልአር በቀጥታ የሚወርዱ ኤስካሌተሮች አሉ። የምትወጡ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ዲኤልአር ምንጊዜም ከሥር ነው።

ከሴንትራል ወደ ኖርዘርን ወይም ዲኤልአር። «ኖርዘርን» የሚለውን ተከተሉ። መንገዱ ላይ ሰው የሚሸከም ተንቀሳቃሽ ወለል አለ፤ ከ2022ቱ ሥራ ጋር የመጣ ነው። በቀኝ ቁሙ፣ ግራውን ለሚራመድ ልቀቁ። ወለሉ ሲያልቅ እግር ማንሳት የሚረሳ ብዙ ነው፤ ጎማ ያለው ሻንጣ ከፊታችሁ ሳይሆን ከጎናችሁ ያዙ፣ ጫፉ ሲደርስ ከፍ አድርጉት። ከወለሉ ወርዳችሁ ወዲያው አትቁሙ፤ ከኋላ ያለው ሰው መቆም አይችልም።

ከሞኑመንት ወደ ኖርዘርን ወይም ዲኤልአር። ከዲስትሪክት ፕላትፎርም «ባንክ» ወይም የምትፈልጉትን መስመር ስም የሚለውን ይዛችሁ በኤስካሌተር ውረዱ። ካርድ የሚነካበት በር ፊት ለፊታችሁ ከመጣ ቁሙ። መቀየሪያው ሙሉ በሙሉ ከበሩ ውስጥ ነው፤ በር ማለፍ የለባችሁም።

ከሴንትራል ወደ ሞኑመንት። ረጅሙ ይህ ነው፤ የገመዱን ሁለት ጫፍ ማገናኘት ነው። በሁለት ክፈሉት። መጀመሪያ ኖርዘርን ድረስ ከላይ እንደተባለው ሂዱ። እዚያ ስትደርሱ ኖርዘርንን ርሱት፤ «ዲስትሪክት» እና «ሰርክል» ወይም «ሞኑመንት» የሚለውን ፈልጉ። ዝቅ ብላችሁ ተጉዛችሁ በመጨረሻ ወደ ላይ ትወጣላችሁ፤ ሞኑመንት ከመንገድ ብዙም የማይርቅ ስለሆነ መውጣታችሁ ትክክል ነው። «መውጫ ጋ ደረስኩ» ብላችሁ አትደንግጡ።

ወደ ዋተርሉ ኤንድ ሲቲ። ከሴንትራል ጫፍ ነው የሚደረሰው። ከኖርዘርን ወይም ከሞኑመንት የምትመጡ መጀመሪያ ወደ ሴንትራል አካባቢ ሂዱ፣ ከዚያ «ዋተርሉ ኤንድ ሲቲ» የሚለውን ያዙ። በዚህ መስመር ላይ ያለው ዘንባላ ተንቀሳቃሽ ወለል ከ1960 ጀምሮ የሚያገለግል ነው። ደረጃ ሳይሆን ተዳፋት ስለሆነ ጋሪም ሻንጣም ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አጥብቃችሁ ያዙ። መስመሩ ሁለት ጣቢያ ብቻ ነው ያለው፣ ባንክ እና ዋተርሉ፤ እዚህስ አቅጣጫ መሳት አይቻልም።

ደረጃ 5፦ ፕላትፎርም ላይ፣ ከመሳፈር በፊት

ትክክለኛው ፕላትፎርም ላይ ቆሞ የተሳሳተ ባቡር መሳፈር ይቻላል። የኤሌክትሪክ ሰሌዳውን አንብቡ፤ የባቡሩም ግንባር ላይ መጨረሻ ጣቢያው ተጽፏል።

ኖርዘርን። ወደ ሰሜን የሚሄዱት መጨረሻቸው ኤጅዌር፣ ሃይ ባርኔት ወይም ሚል ሂል ኢስት ነው፤ የኤጅዌሩ ከሌሎቹ የሚለየው ካምደን ታውን ላይ ነው። ስለዚህ የእናንተ ባቡር እስኪመጣ ባንክ ላይ አትጠብቁ፤ በመጀመሪያው ሂዱና ካምደን ታውን ቀይሩ። ወደ ደቡብ የሚሄደው ሞርደን ይደርሳል። ባተርሲ ፓወር ስቴሽን ለመሄድ ኬኒንግተን ላይ መቀየር ግድ ነው።

የኖርዘርን ትልቁ ጣጣ ወደ ባንክ ስትመጡ ነው። መስመሩ በከተማው መሃል ሁለት ቅርንጫፍ አለው፦ በባንክ በኩል እና በቻሪንግ ክሮስ በኩል። ከካምደን ታውን ስትነሱ ሰሌዳው «ቪያ ባንክ» ማለቱን እዩ። «ቪያ ቻሪንግ ክሮስ» ላይ ከተሳፈራችሁ ባንክ አያደርሳችሁም። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ የኖርዘርን የሌሊት ባቡር የሚሠራው በቻሪንግ ክሮስ ቅርንጫፍ ብቻ ነው፤ ባንክ ላይ ሌሊት የኖርዘርን ባቡር አትጠብቁ።

ዲኤልአር። ከባንክ የሚነሳው ወደ ሉዊሻም ወይም ወደ ዉልዊች አርሰናል ነው። ለካነሪ ዋርፍ እና ለግሪኒች ሉዊሻም፣ ለለንደን ሲቲ አየር ማረፊያ ዉልዊች አርሰናል። ባንክ የዲኤልአር መጨረሻ ስለሆነ ባቡሩ በአንዱ በኩል መንገደኛ ያወርዳል፣ ወደ ፊት ዋሻው ውስጥ ገብቶ ይዞራል፣ በሌላው በኩል ይጭናል። ባዶውን ሲሄድ አይታችሁ «አመለጠኝ» አትበሉ። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፦ ብዙ የዲኤልአር ጣቢያዎች የሚከፈት የሚዘጋ በር የላቸውም። ስትወርዱ ማስነኪያውን ምሰሶ ራሳችሁ ፈልጋችሁ አስነኩ፤ ካልሆነ ጉዞው ሳይዘጋ ይቀርና ከፍተኛው ዋጋ ይቆረጣል።

ዲስትሪክት እና ሰርክል። ሞኑመንት ላይ በአንድ ፕላትፎርም ይፈራረቃሉ፤ ባቡሮቹም አንድ ዓይነት ናቸው። ወደ ምሥራቅ ሰርክሉ ከታወር ሂል በኋላ ወደ ኦልድጌት እና ሊቨርፑል ስትሪት ይታጠፋል፤ ዲስትሪክቱ ወደ ዋይትቻፕል ይቀጥላል።

ሴንትራል። ወደ ምሥራቅ ሌይተንስቶን ላይ፣ ወደ ምዕራብ ኖርዝ አክተን ላይ ይከፈላል። ከነዚህ በፊት የምትወርዱ ከሆነ የመጣውን ተሳፈሩ።

የሴንትራል ፕላትፎርም የጎበጠ ነው። ዋሻው ሲቆፈር በላይ ያለውን መንገድ ተከትሎ ስለተጠማዘዘ አንዱ ጫፍ ላይ የቆመ ሌላውን ጫፍ አያይም። ፉርጎው ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ቀጥ ያለ ነገር ጉብጥ ዳር ሲቆም መሃሉ ወይም ጫፎቹ ይርቃሉ። ፕላትፎርሙ በኩርባው የውጭ ጎን ከሆነ ክፍተቱ በፉርጎው መሃል ይሰፋል፣ በውስጥ ጎን ከሆነ ደግሞ በጫፍና ጫፍ። የአዋቂ እግር የሚያስገባ ክፍተት ነው። ልጅን በእጅ ያዙ፣ ጋሪን ወደ ኋላ አዙራችሁ ትልልቆቹን ጎማዎች አስቀድሙ፣ በሩ ፊት ያለው ክፍተት ከሰፋባችሁ ወደ ሚቀጥለው በር ሂዱ።

ደረጃ 6፦ በዊልቸር ወይም በጋሪ

ኖርዘርን እና ዲኤልአር ብቻ ለሚፈልግ ሰው የካነን ስትሪቱ በር ይሻላል፤ ከመንገድ እስከ ባቡር ያለ ደረጃ በሊፍት ያወርዳል። ለዋተርሉ ኤንድ ሲቲ በዋልብሩክ በኩል ሊፍት ያለው በር አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ዋተርሉ ላይ በምትወርዱበት በኩልም ሊፍት መኖሩን አረጋግጡ። ሴንትራል እና የሞኑመንት ፕላትፎርሞች ያለ ደረጃ አይደረሱም። «ባንክ ሊፍት አለው» የሚለውን ሰምታችሁ ለሴንትራል እንዳትሄዱ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

በተሳሳተ አቅጣጫ ከተሳፈራችሁ። ቀጣዩ ጣቢያ ወርዳችሁ ተመለሱ፤ ከበር አትውጡ። ተጨማሪ አትከፍሉም።

በቻሪንግ ክሮስ ቅርንጫፍ ወደ ደቡብ እየሄዳችሁ መሆኑን ካወቃችሁ። ዩስተን ካልደረሳችሁ እዚያ ወርዳችሁ ወደ ባንክ ቅርንጫፍ ፕላትፎርም ተሻገሩ። ዩስተንን ካለፋችሁ ቶተነም ኮርት ሮድ ውረዱ፤ የሴንትራል ባቡር ወደ ምሥራቅ በቀጥታ ባንክ ያደርሳችኋል።

አየር ማረፊያ እየሄዳችሁ የሉዊሻም ዲኤልአር ላይ ከሆናችሁ። ዌስትፌሪ ውረዱና እዚያው ፕላትፎርም ላይ የዉልዊች አርሰናሉን ጠብቁ። ካነሪ ዋርፍ ከደረሳችሁ በስትራትፎርድ ባቡር ወደ ፖፕላር ተመለሱና እዚያ ቀይሩ።

ዋይትቻፕል ፈልጋችሁ ሰርክል ላይ ከሆናችሁ። ታወር ሂል ውረዱ፣ ያንኑ ፕላትፎርም ሳትለቁ ዲስትሪክት ጠብቁ።

ሳታስቡት ከበር ከወጣችሁ። ወዲያው አስነክታችሁ አትመለሱ። በሩ አጠገብ ያለውን ሠራተኛ ካርዳችሁን እያሳያችሁ ልትቀይሩ እንደነበር ንገሩት።

መንገድ ላይ ከወጣችሁና ሞኑመንት መሄድ ከፈለጋችሁ። ከመሬት በላይ መሄድ ከሥሩ ይቀላል። ባንክ አደባባዩ ላይ የባንክ ኦፍ ኢንግላንድ እና የሮያል ኤክስቼንጅ ሕንጻዎች አሉ። በሎምባርድ ስትሪት እና በኪንግ ዊልያም ስትሪት ማዕዘን ላይ ያለውን ቅድስት ማርያም ዎልኖት ቤተ ክርስቲያን አግኙ፤ ጣቢያው ራሱ በሥሩ ነው። ከዚያ ኪንግ ዊልያም ስትሪትን ይዛችሁ ወደ ለንደን ብሪጅ አቅጣጫ ውረዱ። ጣቢያው ስሙን የወሰደበት 62 ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ዓምድ እዚያው ነው። «ማንሽን ሃውስ» የሚል ጣቢያ ምልክት ካያችሁ አትሳቡ፤ ማንሽን ሃውስ የሚባለው ሕንጻ ያለው ባንክ አጠገብ ነው፣ ጣቢያው ግን ሌላ ቦታ።

ኤስካሌተሩ ከቆመ። የቆመ ኤስካሌተር ላይ ስትራመዱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደረጃ ቁመት ከሌሎቹ ይለያል፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ነው። መደገፊያውን ያዙ። ልብስ ወይም የጫማ ማሰሪያ የተያዘበት ሰው ካያችሁ ቀዩን ማቆሚያ ቁልፍ ተጫኑ፤ ጮክ ብላችሁ ሌሎቹ እንዲይዙ ንገሩ።

ዕቃ ሐዲድ ላይ ከወደቀ። ማንም አይውረድ። የምድር ውስጥ ባቡሩ በአራት ሐዲድ የሚሠራ ነው፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ናቸው፣ በሁለቱ መካከል ያለው የቮልት ልዩነትም ከ600 በላይ ነው። ባቡር ባይታይም ኃይሉ አለ። የወደቀበትን ቦታ ልብ ብላችሁ ለሠራተኛ ንገሩ።

ሠራተኛ ካላገኛችሁ። ፕላትፎርም ላይ የእርዳታ መጥሪያ አለ፤ ሰማያዊው ቁልፍ ለመረጃ፣ አረንጓዴው ለአደጋ። መጥሪያውን ስትጠቀሙ መጀመሪያ የመስመሩን ስምና አቅጣጫ ተናገሩ። «ባንክ ነኝ» ብቻ ማለት አይረዳም፤ ባንክና ሞኑመንት በድምሩ አሥር ፕላትፎርም አላቸው።

«ኢንስፔክተር ሳንድስ» የሚል ማስታወቂያ ከሰማችሁ። ለሠራተኞች የሚነገር የማንቂያ መልእክት ነው። አትሩጡ፣ ወደ ሊፍትም አትግቡ፤ ቀጥሎ የሚነገረውን አዳምጡ። ውጡ ከተባላችሁ ቅርቡን «ዌይ አውት» ተከተሉ፤ በዚህ ጊዜ የትኛው በር እንደሚያወጣችሁ አትምረጡ።

ከፍተኛው ዋጋ ከተቆረጠ። በኦይስተር ወይም በባንክ ካርዳችሁ የትራንስፖርት ፎር ለንደን ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈቱና የጉዞ ዝርዝሩን እዩ። ያልተጠናቀቀው ጉዞ ተለይቶ ይታያል። የወጣችሁበትን ጣቢያ ሞልታችሁ ተመላሽ ጠይቁ። ቀኑ ሳይርቅ አድርጉት፤ ከቀናት በኋላ በየትኛው በር እንደወጣችሁ እናንተም አታስታውሱትም።